ሕፃናት በቤታቸው ዕቃ ስም የእስፓኝን ንባብ ስለ መማራቸው

በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፣ ልጆቻቸውን የትምህርቱን እኩሌታ በእንግሊዝ ቋንቋ እኩሌታውን በእስፓኝ ቋንቋ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚሰዱ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው የሁለት ቋንቋ ትምህርት በዚያ አገር በመንግሥት ትምህርት ቤት በዘመናችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. በማያሚ ከተማ ኮራል ዌይ በተባለው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዋሽንግተን ደግሞ በ1971 ዓ.ም. ኦይስተር በተባለው ትምህርት ቤት ተተከለ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ሕፃን ከእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ሲመለስ በቦርሳው ከሚያመጣቸው ወረቀቶች አንዱ የቤት ሥዕል ነው። ከሥዕሉ በላይ «ሚ ካሳ» የሚል ጽሕፈት አለበት፤ ትርጓሜውም «ቤቴ» ማለት ነው። ከሥዕሉ በታች ባዶ መስመር ተትቶ፣ ሕፃኑ የቤቱን ክፍልና የዕቃውን ስም እንዲጽፍበት ይታዘዛል። ይህን ያየ አባት፣ እርሱ ራሱ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሀ ሁ ብሎ የጀመረ ሰው እንደ ሆነ፣ «ልጄ ፊደሉን ሳይለይ ሥዕል ያሥሉታል» ብሎ ያዝናል። እናትየዋም ቋንቋውን ስለማታውቀው ልጅዋን ለማገዝ ትቸገራለች። እኛም በወረቀቱ ላይ ያለው ቤት ለጨዋታ የተሣለ እንዳይደለ፣ ዳሩ ግን በሚገባ ካልተያዘ የሕፃኑን አፍ የሚዘጋ ነገርም እንዳለበት ለማስረዳት ይህን ጻፍን።

ስፔን ከምትባለው ከእስፓኝ አገር የወጣው ይህ ቋንቋ ዛሬ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ከእነዚህም አንዲቱ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ በክፍለ ዓለማችን በአፍሪካ ትገኛለች። በአፍ መፍቻነት የሚናገረውም ሕዝብ ወደ 500 ሚሊዮን ይጠጋል። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ የተባለው ሊቅ የቋንቋውን ሰዋስው በ1492 ዓ.ም. ጽፎ ባሳተመ ጊዜ፣ ሰው እንደሚናገረው ይጻፍ፣ እንደ ተጻፈውም ያንብብ የሚለውን ሥርዓት ተከተለ። በ1713 ዓ.ም. የተመሠረተው የቋንቋው አካዳሚም ጽሕፈቱን በየጊዜው እያስተካከለ ከዚህ ሥርዓት አብዝቶ እንዳይርቅ ጠበቀው። ፊደሉ 27 ነው። አናባቢዎቹም አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ የተባሉት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ በእንግሊዝ ጽሕፈት አንዱ አናባቢ በየቃሉ ድምፁን ሲለዋውጥ፣ በእስፓኝ ጽሕፈት ግን በቦታው ጸንቶ ይኖራል።

ስለዚህም የዚያ ቋንቋ መምህራን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሕፃናትን ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ እያሰኙ ያስቈጥራሉ። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ሲላባሪዮ ይባላል። የእኛን ፊደል ገበታ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ እኛ በሰባት ወገን የምናስቈጥረውን እነርሱ በአምስት ያስቈጥሩታል፣ የቀረው አንድ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት «የመ ቤት»፣ «የሰ ቤት» እየተባለ ፊደላቱ ራሳቸው በየቤታቸው እንደሚቀመጡ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

አሁን የሕፃኑን ወረቀት እንመልከት። የመጀመሪያው ቃል «ካሳ» ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ዕድሜውን ለፈጀ ለእንደ እኛ ያለ ጸሐፊ፣ ካሣ ሲባል ትዝ የሚለው ተበዳይ ከበዳይ የሚቀበለው ገንዘብ ነው፤ ለእስፓኙ ሕፃን ግን ካሳ ቤት ነው። ቃሉ ከሁለት ቀለም፣ ከካ እና ከሳ፣ የተሠራ ነው። መምህርቲቱ ሕፃናቱን እጃቸውን ሁለት ጊዜ እያስጨበጨበች «ካ፣ ሳ» ታሰኛቸዋለች። ከዚያ በኋላ ሳ የነበረችበትን ቦታ በማ ትለውጠውና «ካማ» ይሆናል፤ አልጋ ማለት ነው። ካ የነበረችበትን ቦታ ደግሞ በማ ስትለውጠው «ማሳ» ይሆናል፤ ይህም ሊጥ ነው እንጂ እንደ እኛ የእርሻ መሬት አይደለም። ማ ሄዳ ሜ ስትመጣ «ሜሳ» ይሆናል፤ ጠረጴዛ ማለት ነው። ሁለቱን የካሳ ቀለሞች ብታገላብጣቸውም «ሳካ»፣ ያወጣል ማለት ይሆናል። ከአራት ቀለም አምስት ቃል ተገኘ፤ ሕፃኑም አምስቱን ሁሉ በቤቱ ውስጥ ያያቸዋል፦ እናቱ ከዕቃ ቤት ዱቄት አውጥታ፣ በጠረጴዛው ላይ ሊጥ ስታቦካ። የቤት ነገር ለንባብ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለልጅ ቅርብ የሆነው ዕቃ በዚህ ቋንቋ ብዙ ጊዜ አጭርና ለመቁጠር የቀለለ ስም አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ደስ ያሰኘናል። የፊደሉ ጠንካራ ነገር ሁሉ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ተቀምጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ማድ ቤት የገባ ሕፃን «ኮሲና» የሚለውን ቃል ያገኛል፤ በዚህ ቃል ውስጥ ሴ የምትባለው ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፋ፣ በመጀመሪያው ቦታ እንደ ከ፣ በሁለተኛው ቦታ እንደ ሰ ትነበባለች። ይህች ፊደል ከአ፣ ከኦና ከኡ ጋር ስትሆን ከ ናት፤ ከኤና ከኢ ጋር ስትሆን ግን ሰ ትሆናለች። (በእስፓኝ አገር የሚበዙት ሰዎች በዚህ ጊዜ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ይናገሯታል።) ስለዚህ ኬ እና ኪ ለመጻፍ ኩ የምትባለውን ሌላ ፊደል መጥራት ያስፈልጋል፤ አይብ የሚለው «ኬሶ» የሚጻፈው በእርስዋ ነው። የእኛ ከ በሰባቱም ወገን ከ ሆና ስለምትኖር ይህን ለልጅ ማስረዳት አያሻንም። እነርሱ ግን ሕጉን ለሕፃን በቃል ከመንገር ይልቅ በማድ ቤቱ ሥዕል ውስጥ ያሳዩታል፣ ሕፃኑም ቤት፣ ማድ ቤትና አይብ ሲያስታውስ ሦስቱን ጽሕፈት አብሮ ያስታውሳቸዋል።

ወደ መታጠቢያው ቤት ሲገባ «ባኞ» ይላል። እኛም ከኢጣልያ ቋንቋ ተቀብለን ባኞ ስለምንለው አዲስ ነገር የለውም፤ ሁለቱ ቃላት ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። ነገር ግን የኘን ድምፅ የምትሰጠው ፊደል አጻጻፍዋ ልብ ሊባል ይገባል። በጥንት ዘመን የእስፓኝ ጸሐፍት ሁለት ነ ደራርበው በመጻፍ ፈንታ፣ ብራና ለመቈጠብ አንዱን ነ ብቻ ጽፈው በራሱ ላይ ጭረት ያደርጉበት ነበር፤ ያ ጭረት እስከ ዛሬ አለ። የእኛም አባቶች የግዕዙን ነ ወስደው በራሱ ላይ ጭረት አኑረው ኘ አሰኙት። በሁለት አገር የተቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያላየ ጸሐፍት፣ ለአንድ ድምፅ አንድ ዓይነት ዘዴ መምታታቸው ያስደንቃል።

በመስኮቱ ደግሞ ቬ ከቤ ጋር በድምፅ አንድ መሆንዋን ይማራል። መስኮት «ቤንታና» ሲባል በአፍ በ ይሰማል፤ በጽሕፈት ግን ሌላይቱ ፊደል ናት። ይህ ቃል ከነፋስ ስም የተገኘ ስለ ሆነ፣ መምህርቲቱ መስኮቱን ከፍታ ነፋሱን ብታሳያቸው ትምህርቱ ይጸናል። ቤ ስለምትባለው ፊደል አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከመዝሙረ ዳዊት 118ኛውን መዝሙር የደገመ ሰው አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚለውን የፊደል ስም ያውቃል። ቤት የተባለችው ፊደል በጥንት ሴማውያን ዘንድ የቤትን ሥዕል ይዛ የተነሣች ናት፤ ከእነርሱ ወደ ፊንቄ፣ ከፊንቄ ወደ ጽርዕ፣ ከጽርዕም በኢጣልያ አገር በኩል ወደ ሮማውያን ተሻግራ ይኸው የእስፓኝ ሕፃን ባኞ ብሎ ይጽፍባታል። እንግዲህ ሕፃኑ ሳያውቀው ከፊደሉ አንዱ አስቀድሞ ቤት ነበረ።

በበሩ ላይ የሚጠብቀው ውሻም ትምህርት አለው፤ ውሻ ሲባል ረ ጠንክሮ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ አንዱ ከቀረ ግን ቃሉ «ነገር ግን» ማለት ይሆናል። እኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጽሕፈት ስለማንለይ አንባቢያችን በልማድ ይረዳዋል። የአትክልቱ ቦታ «ኻርዲን» ሆታ የተባለችውን ፊደል ያስተምራል። አቼ የተባለችው ፊደል ደግሞ ተጽፋ ድምፅ የሌላት ናት፤ መኖሪያ ወይም ጎጆ የሚለው «ኦጋር» በእርስዋ ይጀምራል። ይህ ቃል የመጣው ምድጃ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ስለዚህ ካሳ ግድግዳና ጣራው ሲሆን፣ ኦጋር እሳት የሚነድበትና ሰው የሚሰበሰብበት ነው።

በመንደሩ የቤት ሥራ ቃላት መካከል ከእኛ ቃል ጋር የሚዛመዱም አሉ። ከ711 እስከ 1492 ዓ.ም. ዐረቦች በእስፓኝ ምድር ገዝተው ስለ ነበር ብዙ የቤት ቃል ትተዋል። በፀሐይ የደረቀው የጭቃ ጡብ «አዶቤ» ይባላል፤ አዶቤም፣ የእኛም ጡብ፣ ከዐረብ አንድ ቃል የወጡ ናቸው። ስኒ የሚለው «ታሳ» ከጣሳ ጋር፣ ሸሚዝ የሚለውም «ካሚሳ» ከቀሚስ ጋር ዝምድና አለው። ይህን ወላጆች ቢያውቁት በማዕድ ላይ ለልጃቸው የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ።

የድምፅ ማንሣትና መጣል ነገርም አለ፤ ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍም እያለ ንባብ ያቀና የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ትርጉሙን ያውቃል። በእስፓኝ ጽሕፈት ድምፁ ከልማዱ ውጭ በሚነሣበት አናባቢ ላይ ትንሽ ጭረት ይደረጋል። ጭረቱ ሲኖር «ፓፓ» አባባ ማለት ነው፤ ሲቀር በላቲን አሜሪካ ድንች ይሆናል። ሕፃናቱ በዚህ በጣም ይሥቃሉ፣ አይረሱትምም።

ከቀለም ይጀመር ወይስ ከሙሉ ቃል የሚለው ክርክር በመምህራኑ መካከል የቈየ ነው። የቺሌው ተወላጅ ክላውዲዮ ማቴ በ1884 ዓ.ም. ባሳተመው የንባብ መጽሐፍ፣ ሕፃኑ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሙሉ ቃል ከነሥዕሉ አይቶ ከዚያ በኋላ ወደ ድምፅና ወደ ፊደል እንዲከፋፍለው አደረገ። የመጀመሪያው ቃል «ኦኾ»፣ ዓይን ነበረ፤ መጽሐፉም በዚሁ ቃል ስም እየተጠራ በቺሌ ብዙ ትውልድ አስተምሯል። በእኛ አስተያየት ክርክሩ ሁለቱንም ከሚይዝ መምህር ዘንድ ይበርዳል። አንዱን ነገር ግን አደራ እንላለን። አንዳንዶች በቤቱ ዕቃ ሁሉ ላይ ስሙን በወረቀት ጽፈው ይለጥፋሉ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ በበሩ ላይ ያለውን ወረቀት «በር» ብሎ ሲያነብ፣ ያነበበው በሩን ይሁን ወረቀቱን መለየት አይቻልም። ወረቀቶቹን ከሳምንት በኋላ ነቅሎ በመሶብ ውስጥ ቀላቅሎ አንድ አንድ እያወጡ ማስነበብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በመጽሐፉ የተሣለው ቤት የማን ቤት ነው?

እኛ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፣ የፈረንጅ ቋንቋ ያስጀመሩን በቤት ሥዕል ነበር። ቤቱ ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ በጣራው ላይም እንደ ትንሽ ሣጥን ያለ ነገር ቆሟል። መምህሩ በበትሩ ያን ነገር ጠቁሞ ምን እንደ ሆነ ጠየቀን። የጭስ መውጫ አይተን አናውቅም፤ በእናታችን ቤት ጭሱ በሣሩ ክዳን እየሰረገ ይወጣ ነበር። ለዶሮ የተሠራ ቆጥ መስሎን ይህንኑ በአማርኛ ተናገርን። መምህሩ ሣቀ፤ ልጆቹም ሣቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ሳንጠራ አፋችንን አልከፈትንም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ስለ ምድጃ፣ ስለ መደብ፣ ስለ ማገርና ስለ ምሰሶ ቢጠይቀን ኖሮ ከሁሉ በፊት እጃችንን እናነሣ ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ።

የእስፓኝ ንባብ መጻሕፍትም ይህ ስሕተት አልቀረላቸውም። በአንድ ክፍል ከአያቱና ከአጎቱ ጋር ለሚያድር ሕፃን ሳሎንና የመኝታ ቤት፣ የእንግዳ ቤትም ያለበትን ሥዕል ሰጥቶ «ይህ ቤቴ ነው» ብለህ አንብብ ማለት፣ በንባብ መጀመሪያ ላይ የማይሆን ነገር ማስነበብ ነው። ፊደሉን ቢያውቅም ቃሉን አያምነውም። ሥዕሉን ልጁ ራሱ ይሣለው የተባለው ስለዚህ ነው። አንዲቱን ክፍል ሥሎ፣ አልጋውን ካማ፣ ጠረጴዛውን ሜሳ ብሎ ቢጽፍባት፣ ከባለ ደርቡ ቤት ያነሰ ንባብ አይማርም።

የቃሉም ነገር እንዲሁ ነው፣ ቋንቋው በየአገሩ ይለያያልና። የመኝታ ክፍል በእስፓኝ አገር «አቢታሲዮን» ወይም «ዶርሚቶሪዮ» ይባላል፤ በሜክሲኮ «ሬካማራ»፣ በኮሎምቢያ «አልኮባ»፣ በቺሌና በአርጀንቲና «ፒዬሳ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ «ኩዋርቶ» የሚለው ደግሞ በየአገሩ ይሰማል። በዋሽንግተን በአንድ ክፍል ውስጥ የኤል ሳልቫዶር፣ የሜክሲኮና የዶሚኒካን ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። ልጁ እናቱ ያስተማረችውን ቃል ሲጽፍ «ተሳስተሃል» ብሎ በቀይ ቀለም የሚሰርዝ መምህር፣ የሰረዘው ቃሉን ብቻ አይደለም። የጎበዝ መምህር ሥራ ሁሉንም ቃላት በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ ማን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሥዕል አምስት ቃል አስነበበ።

የእስፓኝ ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ ላልሆነ ሕፃን ነገሩ ይጸናል። በፔሩ አገር በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ኡሮስ የሚባሉት ሰዎች ቶቶራ ከሚባለው ደንገል በሠሩት ተንሳፋፊ ደሴት ላይ፣ በዚያው ደንገል የተሠራ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የጣና ሐይቅን ታንኳ ያየ አንባቢ በዓይነ ልቡናው ሊያየው ይችላል። ልጆቻቸው በቤት የሚሰሙት አይማራ የሚባለውን ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ቤት «ኡታ» ይባላል። በጎረቤታቸው በኬቹዋ ቋንቋ ደግሞ «ዋሲ» ነው፤ የፔሩ መንግሥት ኬቹዋን የመንግሥት ቋንቋ ያደረገው በ1975 ዓ.ም. ነበር። ለእነዚህ ልጆች አስቀድሞ «ኡታ» አሰኝቶ፣ የደንገሉን ቤት አሥሎ፣ ከዚያ በኋላ «ካሳ» ብሎ የሚጽፍላቸው መምህር ሁለት ቃል ያውቃሉ ብሎ ያስተምራቸዋል። «ካሳ» ብቻ ያለው ግን ምንም አያውቁም ብሎ ይጀምራል። በእስፓኝ አገር እንኳ በግራናዳ አውራጃ በጓዲክስ ከተማ ዋሻ ፈልፍለው በውስጡ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ በኮርዶባ ደግሞ ቤቱ በአበባ የተሞላውን የውስጥ ግቢ ከብቦ ይሠራል፣ የዚያም ግቢ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በንባብ መጽሐፍ እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ቢቀርቡ፣ ልጁ ካሳ ማለት አንድ መልክ ብቻ እንዳይደለ ያያል።

የእኛም አገር ልጆች ይህን ቃል በብርቱ ጊዜ ተምረውታል። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ከሶማልያ ጋር ከሆነው ጦርነት በኋላ፣ ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ ኩባ ተልከው፣ ቀድሞ ፒኖስ ትባል በነበረችውና በ1978 ዓ.ም. የወጣቶች ደሴት ተብላ በተሰየመችው ደሴት ላይ አደጉ። በዚያ የቀኑን እኩሌታ እየተማሩ፣ እኩሌታውን በብርቱካንና በሎሚ እርሻ እየሠሩ በአዳሪ ትምህርት ቤት ኖሩ። ከእነርሱም ሐኪምና መሐንዲስ፣ መምህርም የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ተመልሰው በአዲስ አበባ የሚኖሩት እስከ ዛሬ ሲገናኙ በእስፓኝ ቋንቋ የሚጫወቱ አሉ። ለእነርሱ ግን ካሳ የሚለውን ቃል ሲያነቡ በጣታቸው የሚያመለክቱት ቤት አልነበረም፤ የነበራቸው ብዙ አልጋ የተደረደረበት ማደሪያ ነበረ። አልጋውን ካማ፣ ጠረጴዛውን ሜሳ ማለት አያስቸግርም ነበር። ሚ ካሳ የሚለው ወረቀት ሲሰጥ አንዱ ልጅ ማደሪያውን፣ አንዱ የሐረርጌን የድንጋይ ቤት፣ አንዱም የሞተውን አባቱን በደጃፍ ቢሥል፣ መምህሩ ምን ብሎ ያርመዋል? እንዲህ ላለው ልጅ የሚሻለው፣ የፈቀደውን ቤት ይሣል ማለትና ለሣለው ነገር ሁሉ ቃሉን መስጠት ብቻ ይመስለናል።

በዋሽንግተን ላለችው እናት የምንመክራት ጥቂት ነው። ቋንቋውን አለማወቅዋ አያሳፍራትም። ልጅዋ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ በቤትዋ ውስጥ ይዛው ትዙርና «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብላ ትጠይቀው፤ እርስዋ ተማሪ ስትሆን እርሱ መምህር ይሆናል። እርሱ «ሲያ» ሲል እርስዋ «ወንበር» ትበለው፤ በወረቀቱም ላይ ከእስፓኙ ቃል በታች በእኛ ፊደል ትጻፍበት። ለጀበናና ለረከቦት በመጽሐፉ ውስጥ ቃል አያገኝላቸውም፤ እንደ ስማቸው በእስፓኝ ፊደል ይጻፋቸው፣ ጀ የሚል ፊደል ሲያጣ መምህርቲቱን ይጠይቃት። ቁልፍ የሚለውን ቃል ግን ከማን አፍ እንደ ሰማው ልብ ትበል፤ በአንዱ አገር «ያቤ»፣ በቦነስ አይረስ «ሻቤ» ይሉታልና፣ ጽሕፈቱ አንድ ነው።